የኖርዲክ መጠይቅ

የኖርዲክ መጠይቅ፣ ሥራ በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ላይ የሚያሳድረውን ሕመም ለመመርመር የሰሜን አውሮፓ ሊቃውንት አዘጋጅተው በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መመርመሪያ ነው። አካልን በ9 ክፍል፣ ማለትም በአንገት፣ በትከሻ፣ በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ በላይኛው ጀርባ፣ በወገብ፣ በዳሌና ጭን፣ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚትና እግር መድቦ፣ ባለፉት 12 ወራትና ባለፉት 7 ቀናት ሕመም መሰማቱን፣ እንዲሁም በዓመቱ ውስጥ ከተግባር ማገዱን ይጠይቃል።

ድውይን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ለማዛወር ወገቧን አጎንብሳ የምታነሣ ነርስና አንገቱን ደፍቶ ለሰዓታት የሚቆም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለዚህ ደዌ እጅግ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ መጠይቁ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው ይሠራበታል።

ነገር ግን ምላሹ በተጠያቂው ትዝታ ላይ የተመሠረተ ከመሆኑም በላይ፣ ሕመም ጸንቶባቸው ሥራ የለቀቁት ከቁጥር ስለሚቀሩ፣ የጉዳቱ መጠን ከእውነተኛው አንሶ ሊታይ ይችላል። መንስኤውንም ለብቻው ስለማያስረዳ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመውና የሰውነትን አቋምና የሸክሙን ክብደት መዝኖ ከ1 እስከ 15 ነጥብ የሚሰጠው ሬባ የተባለው መለኪያ አብሮት ይሠራበታል፤ ነጥቡ 11 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን አሠራሩ ያለ መዘግየት መለወጥ ይገባዋል። የአስታማሚዎችን ሕመም በሚገባ መመዘን ለድውያኑም ደኅንነት መሠረት ነው።