ብሪታንያ ከጋራ ገበያ ስትወጣ ገበሬዋ ምን ገጠመው?

 የዛሬው ንግግራችን ስለ ገበያ ነው። ገበያ ስንል ግን የቅዳሜውን ማለታችን አይደለም፤ ብዙ አገሮች በመካከላቸው ያለውን ኬላ አንስተው የመሠረቱትን የጋራ ገበያ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን። አስተማሪዎች ሆይ፣ «ቀረጥ» እና «ምስክር ወረቀት» የሚሉትን ሁለት ቃላት በሰሌዳው ላይ ጻፉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ብሪታንያ የምትበላውን ሁሉ ራሷ አምርታ የማትዘልቅ አገር ናት። ቀድሞ ቅቤና የበግ ሥጋ ከኒውዚላንድ፣ ስንዴ ከካናዳ በመርከብ ይመጣላት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ከአየርላንድና ከዴንማርክ ጋር ሆና የአውሮፓን የጋራ ገበያ ተቀላቀለች። አባል አገሮቹም ከ6 ወደ 9 ከፍ አሉ። ገበሬዋ ከዚህ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው ሰፊ ገበያ ነው፤ በተለይ ከ1993 ወዲህ በዌልስ ተራራ ያደገ በግ ሥጋው ፓሪስ እስኪገባ ድረስ ክፈት፣ አሳይ የሚለው አልነበረም። ሁለተኛው ድጎማ ነው። ድጎማው ኋላ ላይ በመሬት ስፋት ይከፈል ጀመር። ይኼ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ሰፊ መሬት ያለው ባለጸጋ ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይወስድ ነበርና።

ጁን 23 ቀን 2016 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ድምፅ ከሰጡት መካከል ከመቶ 52 ያህሉ እንውጣ አሉ። አገሪቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች፤ የድሮው ደንብ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጸንቶ ቆየ። በዚያ ጊዜ ትልቁ ሥጋት ቀረጥ ነበር። ከሚመረተው የበግ ሥጋ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከተላከው ውስጥ አብዛኛውን የሚገዛው ይኸው አውሮፓ ነው። ስምምነት ቢጠፋ በሥጋው ላይ ከ40 በመቶ በላይ ቀረጥ ይወድቅበት ነበር። በመጨረሻው ሰዓት፣ ዲሴምበር 24 ቀን 2020፣ ቀረጥም ኮታም የሌለበት ውል ተገኘ። በግ አርቢው እፎይ አለ።

ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። ቀረጡ ቢቀርም ምስክር ወረቀቱ መጣ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና አይብ ወደ አውሮፓ ሲገባ የተፈቀደለት መርማሪ የፈረመበት የጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ሆነ። ይህ ደንብ ለብሪታንያ ተብሎ የወጣ አይደለም፤ ከማኅበሩ ውጭ ላሉ ለአብዛኞቹ አገሮች ቀድሞም የነበረ ነው። አንድ ትልቅ ነጋዴ መኪናውን በአንድ ዓይነት ዕቃ ሞልቶ ቢልክ ወጪው ይቻለዋል። ትንሹስ? በስኮትላንድ ጠረፍ ዓሣ አስጋሪው ጥቂት ሣጥን፣ ሌላውም ጥቂት ሣጥን አምጥተው በአንድ መኪና ነበር የሚጭኑት። አሁን የአንዱ ወረቀት ከተበላሸ የሁሉም ጭነት ይቆማል። ዓሣ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ይሸታል። በጃንዋሪ 2021 የባሕር ምግብ ነጋዴዎች የጭነት መኪናዎቻቸውን ይዘው ለንደን ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ መንግሥትም 23 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ። ጭራሽ የተዘጋበትም አለ። ውኃው እጅግ ንጹሕ ካልሆነ ባሕር የወጡ ዛጎል ለበስ እንስሳት በአገር ውስጥ ሳይጣሩ ከነሕይወታቸው እንዳይገቡ ተከለከሉ። ያልበሰለ ቋሊማ ሳይቀዘቅዝ በረዶ ካልሆነ አይገባም ተባለ። የስኮትላንድ የዘር ድንችም የአውሮፓ ማሳ ተዘጋበት።

የሚገርመው ሌላው ወገን ነው። ብሪታንያ በራሷ በር ላይ ከአውሮፓ የሚገባውን ምግብ መፈተሹን ደጋግማ አራዝማ የጀመረችው በ2024 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷ ገበሬ ወረቀት ሲሞላ፣ የአውሮፓው ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ገበሬው በዚህ ቢከፋው ማን ይፈርድበታል?

የሠራተኛም ነገር አለ። እንጆሪና አትክልት የሚለቅሙት፣ በቄራ ሥጋ የሚቆርጡት አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡ ነበሩ። በወረርሽኙም በመውጣቱም ሰው ሲጠፋ፣ በ2021 መኸር በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ጤነኛ አሳማዎች የሚያርዳቸው ታጥቶ በየእርሻው ተገድለው ተጣሉ። መንግሥት 800 ሥጋ ቆራጮች ለጊዜው ይግቡ ብሎ ፈቀደ፤ የአሳማው ጉዳት ግን ደርሶ ነበር።

ድጎማውስ? እንግሊዝ በመሬት ስፋት የሚከፈለውን ከ2021 ጀምሮ እየቀነሰች፣ ገንዘቡን አፈርን፣ ውኃንና አጥርን ለሚንከባከብ እንዲከፈል ወሰነች። ሐሳቡ ከድሮው ይሻላል። ነገር ግን የአሮጌው ክፍያ ሲቀንስ አዲሱ ቶሎ ስላልደረሰ፣ ተራራ ላይ በግ የሚያረባው ሰው በመካከል ተንጠለጠለ። በዚያ ላይ በዲሴምበር 2021 ከአውስትራሊያ ጋር የተፈረመው ውል የበሬና የበግ ሥጋ ቀረጥን ቀስ በቀስ የሚያነሣ ሆነ። ውሉ ሲዘጋጅ የእርሻ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ዩስቲስ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ፣ በኖቬምበር 2022፣ ውሉ ለአገሪቱ ያን ያህል የሚበጅ እንዳልነበር በፓርላማ ተናገሩ።

ሜይ 19 ቀን 2025 ሁለቱ ወገኖች ለንደን ላይ ተገናኝተው፣ የምግብና የእንስሳት ጤና ደንባቸውን አቀራርበው አብዛኛውን ወረቀት ለማስቀረት እንደሚደራደሩ ተስማሙ። ብሪታንያ በዚህ መንገድ የአውሮፓን የምግብ ደንብ እየተከተለች ልትሄድ ነው፤ ደንቡ ሲወጣ ግን እንደ ድሮው ድምፅ የምትሰጥበት ወንበር የላትም።