ከግማሽ ቶን እስከ አሥር ኩንታል፦ የፒክአፕ የጭነት ልክ ታሪክ

ፒክአፕ፣ ማለትም ከሾፌሩ ጋቢና በስተኋላ ክፍት ካሶኒ (የጭነት ሳጥን) ያለው ቀላል መኪና፣ በቶን መጠራት የለመደው በአሜሪካ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባለ አንድ ቶኑን ሞዴል ቲቲ፣ በ1925 ደግሞ ካሶኒው በፋብሪካ የተገጠመለትን ፒክአፕ ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ በ1948 የወጡት የኤፍ ተከታታይ መኪኖቹም ግማሽ ቶን፣ ሦስት አራተኛ ቶን እየተባሉ በደረጃ ተለይተዋል። የአሜሪካ ቶን 907 ኪሎ ግራም ስለሆነ ግማሹ 454 ኪሎ ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ ሻንሲውና ሞተሩ እየጠነከሩ ሄደው መኪኖቹ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መሸከም ሲችሉ መጠሪያው ባለበት ስለቀረ፣ ዛሬ «ግማሽ ቶን» የሚባለው የመኪናውን መደብ እንጂ የጭነቱን ልክ አይናገርም።

በኢትዮጵያ የጭነት መለኪያ ሆኖ የኖረው ኩንታል፣ ይኸውም 100 ኪሎ ግራም ነው። እህል በኩንታል በሚሸጥበት አገር ነጋዴው መኪና ሲከራይ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደሚጭን ነው፤ ይህ አጠራር ከአሜሪካው የሚሻለውም ማንም ሰው ጆንያ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ስለሚችል ነው።

ከቦሌ በስተምሥራቅ፣ አዲስ አበባ ስትሰፋ ከእርሻ ዳርነት ወደ መኖሪያ ሰፈርነት በተለወጠው በጎሮ የዚህ ቁጥር ትርጉም ጎልቶ ይታያል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ በመሆኑ ባለ 10 ኩንታል ፒክአፕ 20 ከረጢት ሲጫንበት ልኩ ይሞላል፤ ካሶኒው ግን ገና ብዙ ባዶ ቦታ ስለሚታይበት አስጫኙ «ይጨመር» ማለቱ አይቀርም። በአንጻሩ ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ሶፋና ፍራሽ ሲያስጭን ካሶኒው ሞልቶ ክብደቱ ጥቂት ኩንታል ብቻ ይሆናል።

በስሌቱ ውስጥ ዘወትር የሚዘነጋው ሰው ነው። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት «ውይይት» ታክሲዎች ካሶኒያቸው ተሸፍኖ፣ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያይ መቀመጫ የተሠራላቸው ፒክአፖች ነበሩ፤ 10 ተሳፋሪ እያንዳንዱ በ60 ኪሎ ቢገመት 6 ኩንታል መሆኑ ነው። ደብል ጋቢና የሚባለው ባለ ሁለት ረድፍ መቀመጫ ፒክአፕም አምስት ሰው ሲይዝ ከጭነት አቅሙ ሦስት ኩንታል ያህል በሰው ይያዛል። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የጉምሩክ አመዳደብ የጭነት መኪኖችን በጠቅላላ ክብደት፣ ማለትም የመኪናው፣ የሰዎቹና የጭነቱ ክብደት ተደምሮ፣ የሚለየውና የመጀመሪያውን ወሰን 5 ቶን ላይ ያደረገው፣ ክብደቱ ከየትም ቢመጣ የሚያርፈው በዚያው አክስልና ጎማ ላይ በመሆኑ ትክክለኛ አካሄድ ነው።

የጭነት አቅምን ለመጨመር ባሌስትራ፣ ማለትም ከኋላ አክስል በላይ የተደራረበውን የብረት ንጣፍ፣ ማስጨመር የተለመደ ነው። የተጨመረው ንጣፍ የመኪናውን ጀርባ ቀና ያደርገዋል፤ ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው ግን ፋብሪካው በወሰነላቸው ልክ የተሠሩ ናቸውና፣ በመኪናው የባለቤትነት ደብተር ላይ የሰፈረው የኩንታል ቁጥር በባሌስትራ ብዛት አይለወጥም።