«ዋናው አእምሮ ነው» የሚለው ማጽናኛም ታሪክ አለው

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አይደለም የምጽፈው። ስለ አንድ ማጽናኛ ነው። ካንሰር የታመመ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ «ዋናው አእምሮ ነው፣ አንተ ብቻ አትጨነቅ፣ ይጠፋል» እንላለን። ክፍል ውስጥ እንደምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ «ማን አለው? መቼ አለው? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስቲ እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃሉ እንጀምር። ፈረንጆቹ ዛሬ ማይንድፉልነስ የሚሉት ነገር ከቡድሃ እምነት የመጣ ነው። በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ይባላል፤ ሥሩ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው። በ1881 እንግሊዛዊው የፓሊ ሊቅ ሪስ ዴቪድስ ማይንድፉልነስ ብሎ ተረጎመው፣ ስሙም በዚያው ጸና። እኔ በአማርኛ «ልብ ማለት» ብለው ደስ ይለኛል። «ልብ በሉ!» እያልኩ ስንት ዓመት ጮኬባችኋለሁ!

ሆስፒታል የገባው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1979 ጆን ካባት ዚን የሚባል፣ ኤምአይቲ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው፣ ዎርስተር ከተማ ባለው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል አንድ ክሊኒክ ከፈተ። የመጡለት ሕክምናው ያልረዳቸው፣ ሕመሙ አልለቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሃይማኖቱን ትቶ ልምምዱን ብቻ ወሰደና የ8 ሳምንት ትምህርት አደረገው። ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱ አንዲት ዘቢብ መብላት ነው። ታያታለህ፣ ታሸታታለህ፣ ቀስ ብለህ ታኝካታለህ። ከዚያ በጀርባህ ተንጋለህ ሰውነትህን ከእግር ጣት እስከ ራስ ልብ ትላለህ። አሳብ ይዞህ ሲሄድ ራስህን ሳትቆጣ ወደ ትንፋሽህ ትመለሳለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። «ይድናል» የሚል ቃል የለበትም።

በዚያው ዘመን በካንሰር ዙሪያ ሌላ ክርክር ነበር። በ1978 ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው የጨረር ሐኪሙ ካርል ሳይመንተንና ባልደረቦቹ የጻፉት ነው፤ ታማሚው ነጭ የደም ሴሎቹ ካንሰሩን ሲያሸንፉ በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ ያስተምራል። ሁለተኛውን የጻፈችው ሱዛን ሶንታግ ናት። እሷ ራሷ የጡት ካንሰር ታክማለች። ክርክሯም ባጭሩ፣ በሽታን ከሰው ጠባይ ጋር ማያያዝ በታማሚው ላይ በደል መጨመር ነው የሚል ነበር።

ቀጥሎ የስታንፎርዱ የአእምሮ ሐኪም ዴቪድ ስፒገል መጣ። የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ 86 ሴቶችን አጠና። ከፊሎቹ በየሳምንቱ እየተገናኙ ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ሞትም ሳይቀር በግልጽ ተነጋገሩ። የሚገርመው፣ ስፒገል የተነሳው «አመለካከት ካንሰርን ያሸንፋል» የሚለውን የተጋነነ አባባል ሊፈትሽ ነበር። በ1989 ላንሴት ላይ ያወጣው ውጤት ግን ሌላ ሆነ፦ የቡድኑ ሴቶች በአማካይ 36.6 ወር፣ ሌሎቹ 18.9 ወር ኖሩ። ዓለም ጉድ አለ!

ከዚያስ ምን ሆነ? ጥናቱ ተደገመ። በ2001 ካናዳ ውስጥ በ235 ሴቶች ላይ የተሠራው ጥናት የዕድሜ ልዩነት አላገኘም፤ በጣም ተጨንቀው ለነበሩት ግን ጭንቀታቸውና ሕመማቸው ቀለለ። በ2007 ስፒገል ራሱ ደገመው። እሱም በጠቅላላው ዕድሜ አለማርዘሙን አየ፣ ያየውንም አሳተመ። ስሙን ያስጠራውን ግኝት በገዛ እጁ መፈተሽ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል? ታናሽ እህቴ ኬሞ በጀመረች ሰሞን ጠያቂው ሁሉ «ዋናው አእምሮ ነው» ሲላት ከረመ። አንድ ማታ «እንግዲህ ካልተሻለኝ በደንብ ስላላሰብኩ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ቅን ሰዎች የሰጡት ማጽናኛ እሷ ጋ ሲደርስ ክስ ሆኖ ነበር። ከላይ ያለውን ታሪክ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አይደለም፣ ጥፋትሽ አይደለም።

ታዲያ ልምምዱ ከንቱ ነው? እሱም አይደለም። በ2000 ካልጋሪ፣ ካናዳ፣ ማይክል ስፔካና ሊንዳ ካርልሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር 90 የካንሰር ታማሚዎችን ይዘው፣ ያሠለጠኗቸውን ተራ ከሚጠብቁት ጋር አነጻጸሩ። ሥልጠናው 7 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። የሠለጠኑት የስሜት መረበሽ መለኪያ በ65 በመቶ፣ የውጥረት ምልክታቸው በ31 በመቶ ቀነሰ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሌላ ማኅበር ጋር ባወጣው መመሪያ፣ ለካንሰር ታማሚዎች ጭንቀትና ድብርት ይህን ልምምድ መክሯል። ለጭንቀትና ለድብርት ነው ያለው፤ ለዕጢው አላለም። ዕጢው የቀዶ ጥገናው፣ የኬሞውና የጨረሩ ድርሻ ነው። ማንም «ትንፋሽህን እያዳመጥክ መድኃኒቱን ተወው» ቢላችሁ አትስሙት።

ካንሰር ሰውን አንዴ ወደኋላ «ምን አድርጌ ነው?»፣ አንዴ ወደፊት «ውጤቱ ምን ይል ይሆን?» እያለ ይጎትተዋል። ልብ ማለት በመሃል ላለችው ሰዓት ቦታ ይሰጣል። እህቴ ውጤት የምትጠብቅ ቀን ቡናዋን ይዛ ጭሱን፣ ሽታውን፣ የሲኒውን ሙቀት ልብ ትላለች። ፍርሃቱ አይጠፋም፣ ግን ቡናውን ትጠጣዋለች። እኔ ይሄን ትንሽ ነገር አልለውም።

እንግዲህ ታማሚ ስትጠይቁ «አትጨነቂ» ከማለት «ዛሬ እንዴት ነሽ?» በሉና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። ፈርቻለሁ ካለች ትፍራ፤ አብራችኋት ተቀመጡ። ሕክምና ላይ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ፣ መጨነቃችሁ በሽታውን የሚቀልብ ኃጢአት አይደለም። ይሄን ሸክም ከዛሬ ጀምራችሁ አውርዱት። እግዜር ይማራችሁ።