ፈረሰኛው የማን ነው?

መቼም የመርካቶን ተራዎች ስም አምኖ ለግዢ የወጣ ሰው ጉድ ይሆናል። ቦምብ ተራ ሄዳችሁ ቦምብ አታገኙም። ጭድ ተራ ግን ስሙ ታሪክ ይናገራል። ከተማችን በጭቃ ቤት በምትሠራበት ዘመን ጭድ ያልገባበት ግድግዳ አልነበረም፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አንድ ላይ ይዞ የሚያቆመው ጭዱ ነው። የጋሪ ፈረስ የሚበላው ጭድ ነው። አቅም ያነሰው ሰው የሚተኛው ጆንያ ውስጥ በተጠቀጠቀ ጭድ ላይ ነበር። ከገጠር የሚመጣው እንቁላል እንኳ ሳይሰበር መርካቶ የሚደርሰው ቅርጫቱ ውስጥ ጭድ ተጎዝጉዞለት ነው።

አክስቴ ሲዳሩ የገቡት እዚህ ጭድ ተራ ነው፤ አሁን ሰማንያን ተጠግተዋል። ባለፈው በበዓለ ሃምሳ አንድ ረቡዕ ደወሉልኝ። "ና፣ ልጄ ዶሮ ይሠራልናል" አሉኝ። "ይሠራልናል?" አልኩ። አክስቴ ባሉበት ቤት ሌላ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ ዶሮ ሲሠራ አይቼ አላውቅማ!

ስደርስ የአክስቴ ልጅ፣ ጡረታ የወጣው መሐንዲስ፣ ሽርጥ አገልድሞ የዶሮ ደረት በላስቲክ ሸፍኖ በሙቀጫ ዘነዘና ቀስ እያለ ይቀጠቅጣል። አጠገቡ ሦስት ሳህን ተደርድሯል። አንዱ ላይ የፉርኖ ዱቄት፣ አንዱ ላይ የተመታ እንቁላል፣ አንዱ ላይ ደቆ የተፈጨ ደረቅ ዳቦ። "ምንድነው ይሄ?" አልኩት። "ኪየቭ" አለኝ፣ ከተማውን እንደ ወጥ ስም ጠርቶ።

እውነቱን ልናገርና ቅር አለኝ። ዶሮ ማለት ለእኔ አሥራ ሁለት ብልት ነው። ሴት ልጅ ባለሙያ ናት የሚባለው ዶሮዋን በመገጣጠሚያው እየፈታች፣ አጥንት ሳትሰብር አሥራ ሁለት ስታወጣ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ ውኃው ጥርት ሲል፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልታ ስታበስል ነው። ብልቱ ሁሉ ስምና ባለቤት አለው። ቅልጥሙ፣ መላላጫው፣ ክንፉ፣ አንገቱ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈረሰኛው፣ ማለትም ደረቱ። በእኛ ቤት ፈረሰኛ የአባወራው ነው፤ የከበረ እንግዳ ከመጣ ደግሞ የእንግዳው። አንድ ዶሮ አንድ መንደር የሚያበላው በዚህ ሥርዓት ነው። አሁን ይኸው ሰውዬ ደረቱን ብቻ ፈልቅቆ "ለእያንዳንዱ ሰው አንድ" ይለኛል! የጋራ ማዕዱ ፈርሶ ሁሉም የየራሱን ጥቅልል ይዞ ሊቀመጥ ነው ብዬ ለዓምዴ የሚሆን እሮሮ በሆዴ መጻፍ ጀመርኩ።

ደግሞ ታሪኩን ስታዩት የባሰ ያናድዳል። የውጭ ምግብ ወደ ከተማችን የገባው በዋዛ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ ሰው ፊት መብላትን ነውር ብለው እንደ ሸሹና፣ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው ገብተው በልተው ከፍለው እንዳስለመዷቸው ይነገራል። ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ "የተወላጆች ገበያ" ብለው ወደ ምዕራብ ገፉት፤ አራዳን ለራሳቸው አስቀርተው ፒያሳ አሉት። መርካቶ ማለት በነሱ ቋንቋ ገበያ ነው። በ1933 ዓ.ም. ተባርረው ሲሄዱ ገበያውንም ስሙንም ትተውልን ሄዱ። ከስሙ ጋር ፓስታው፣ ሰልሳው፣ ላዛኛው፣ የፉርኖ ዱቄቱ ቀረ። የምግብ ቤቶቻችን ኮቶሌትም ከነሱው ነው።

ኮቶሌት ዘሩ ሲቆጠር ፈረንሳይኛ ነው፤ "ትንሽ ጎድን" ማለት ነው። ከነጎድኑ የተቆረጠ የጥጃ ሥጋ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ በቅቤ ሲጠበስ ሚላኖዎች የኛ ነው ይላሉ፤ ቪየናዎች ደግሞ አጥንቱን አውጥተው፣ አሳስተው ሽኒትስል ብለው የኛ ነው ይላሉ። የኦስትሪያው ማርሻል ራዴትስኪ ከሚላኖ ስለዚህ ምግብ ለቤተ መንግሥቱ ጻፈ የሚባል ወሬ አለ፤ ደብዳቤው ግን አልተገኘም። እኛ በዶሮ ወጥ ጎንደር ነው ሸዋ እንደምንባባለው መሆኑ ነው። ሩሲያዎች ቃሉን ወስደው "ካትሌታ" አሉት። በኪየቭ ስም የሚጠራው የዶሮ ደረት ተቀጥቅጦ፣ መሐሉ ቀዝቃዛ ቅቤ ተደርጎ፣ ተጠቅልሎ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበሰው ነው። የባህሉ አሠራር የክንፉን አጥንት ጫፍ ላይ እንደ እጀታ ይተውለታል። በካምና በቺዝ የሚሞላው ኮርዶን ብሉ ደግሞ ሌላው የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ስሙ ሰማያዊ ጥብጣብ ማለት ነው። ካም የዓሣማ ሥጋ ስለሆነ በጭድ ተራ በኩል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት፣ መግቢያ አላገኘም።

ታዲያ ኪየቭ እንዴት ጭድ ተራ ደረሰ? በደርግ ዘመን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። የአክስቴ ልጅ አንዱ ነበር፤ ኪየቭ ስድስት ዓመት ተምሮ በ1980 ዓ.ም. ተመለሰ። ብዙዎቹ ሲመለሱ ይዘው የመጡት ማቀዝቀዣና የፎቶ ካሜራ ነው። እሱ ሁለቱንም አላመጣም፤ ለእናቱ አንድ የምግብ አሠራር በልቡ ይዞ መጣ።

በዚያው ዓመት እሞክራለሁ አለ። አክስቴ ደረቱን ቀጥቅጦ ውስጡ ቅቤ ሲያስገባ አይተው "አንተ ልጅ፣ ዶሮን እንደ ፍራሽ ይጠቀጥቁታል እንዴ?" አሉት። ሰልፍ ተይዞ የተገዛው ዳቦ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ተጠበቀ። በከሰል ምድጃ ላይ መጥበሻ ተጣደ። ዳቦው ወዲያው ጠቆረ፤ ቅቤው አምልጦ ዘይቱ ውስጥ ተንጨረጨረ፤ ሥጋው ደግሞ ጫማ ሆነ። የአክስቴ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲያኝኩ ሲያኝኩ ቆይተው "የሶሻሊስት ዶሮ ጠንካራ ነው" አሉ ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ይህን ጮክ ብሎ መናገር አይመከርም ነበር።

ጥፋቱ ግን የኪየቭም የልጁም አልነበረም። ዶሮዋ ነበረች። የሐበሻ ዶሮ ስትጎለምስ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ጭራ፣ ሮጣ፣ ከጭልፊት አምልጣ፣ ከግማሽ ዓመት በላይ ኖራ ነው ለቢላ የምትደርሰው። ደረቷ ስስና ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለች ዶሮ ቀስ ብሎ በሚንተከተክ ቁሌት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስትቆይ ጣዕሟን ትሰጣለች፤ በአሥር ደቂቃ ጥብስ ግን አትበገርም። ስታስቡት ዶሮ ወጣችን ራሱ ለዶሮዋ የተሰፋ ልብስ ነው፤ እናቶቻችን ሽንኩርቱን እንደዚያ የሚያበዙት፣ እሳቱን እንደዚያ የሚያረዝሙት በምክንያት ነው።

የፈረንጅ ዶሮ ታሪክ አጭር ነው። እንደ ዓለማያ ያሉ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ነጩን ሌግሆርን አስገብተው አሰራጩት፤ እሱ ግን የእንቁላል ዶሮ ነው። በ6 ወይም በ7 ሳምንት ለቢላ የሚደርሰው፣ ደረቱ ሰፊና ለስላሳ የሆነው የሥጋ ዶሮ ዘግይቶ ነው ገበያችንን ያገኘው፤ ከደብረ ዘይት አካባቢ እርሻዎች ተበልቶና በረዶ ሆኖ ወደ ሱፐርማርኬት መጣ። ያኔ ደረት ለብቻው መግዛት ተቻለ። ያኔ ሴት ልጅ ዶሮ ይዛ በር ላይ ቆማ የሚያልፍ ወንድ "እባክህ ባርክልኝ" ብላ የምትለምንበት ነገርም ቀነሰ። የአክስቴ ልጅ በ1980 የጀመረውን ምግብ ሊጨርስ የቻለው ትክክለኛዋ ዶሮ ስለመጣችለት ነው።

የዛሬውን አሠራሩን ቆሜ አየሁ፤ ለሚሞክር ሰው ልንገር። ደረቱን በጎኑ ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ገለጠው፤ የጣት ወርድ እኩሌታ እስኪሆን በላስቲክ መሐል ቀጠቀጠው። ቅቤው የአክስቴ ንጥር ቅቤ ነው፤ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ደቆ የገባበት፣ አውራ ጣት አክሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን ያደረ። ያን መሐሉ አድርጎ ጠቀለለና ዳርና ዳሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ዘጋው። ከዚያ ሦስቱ ሳህኖች በተራ። ዱቄቱ የሥጋውን እርጥበት ይመጣል፤ እንቁላሉ ዱቄቱ ላይ ይያዝና ሙቀት ሲነካው ይረጋል፤ ፍርፋሪው እንቁላሉ ላይ ይጣበቃል። ዱቄቱን የዘለለ ሰው ልባሱ መጥበሻ ውስጥ እንደ አሮጌ ልስን ይረግፍበታል። እንቁላሉንና ፍርፋሪውን ሁለት ጊዜ ደገመ፤ ቅቤው የሚያመልጥበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ሁለተኛው ነው። ግማሽ ሰዓት ብርድ ውስጥ አቆየው። ቀጥሎ መካከለኛ በጋለ ዘይት ወርቅማ እስኪሆን ጠብሶ ውስጡ እንዲበስል ምድጃ ውስጥ አስገባው። የሥጋው ሙቀት 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞላ በስሏል ማለት ነው።

አክስቴ ከበርጩማቸው ሆነው ሁሉን ያያሉ። "ፍርፋሪው ጭዱ ነው በለኛ" አሉ፣ ግድግዳቸውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ።

ማዕድ ቀረበ። አራት ሰው፣ አራት ጥቅልል። ሲቆረጥ ቅቤው ፍስስ ብሎ ወጣ፤ ኮረሪማው ቤቱን ሞላው። እኔም መጀመሪያ ጣፍጦኝ፣ ቀጥሎ እሮሮዬ ትዝ አለኝና "እንግዲህ አሥራ ሁለት ብልት ቀረ ማለት ነው። ተካፍሎ መብላት ቀረ" አልኩ፣ እንደ ሽማግሌ ራሴን እየነቀነቅኩ።

አክስቴ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ስማኝ ልጄ" አሉኝ። "ስልሳ ዓመት ዶሮ ሠርቻለሁ። የፋሲካውን፣ የገናውን፣ የእንቁጣጣሹን፣ የሠርጉን፣ የተዝካሩን። ስንቱን ዶሮ እንደ በለትኩ እግዜር ይቁጠረው። ፈረሰኛ በልቼ አላውቅም። ለአባቱ፣ ለእንግዳ፣ ለንስሐ አባት፣ አድጎ ሲመጣ ለሱ። ለኔ የደረሰኝ ከድስቱ የተረፈው ነው። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ግን ብይ አላለኝም። እንግዲህ ፈረሰኛ ምን እንደሚመስል በሰማንያ ዓመቴ ልቅመሰው ተወኝ።"

ዝም አልን። እኔማ ምን እላለሁ? ያን ሁሉ ዓመት እሳቸው ቤት ሄጄ ስበላ፣ እንግዳ ነኝና ፈረሰኛው ስንት ጊዜ በእኔ በኩል ዞሯል! አንድም ቀን "እርስዎስ ምን ደረሰዎት?" ብዬ አልጠየቅኩም። ሥርዓቱ ውብ ነው እያልኩ የማወድሰው ውቡ ብልት የሚደርሰኝ እኔ ስለሆንኩ ነበር። የምግብ ታሪክ ስንጽፍ ምን ተበላ፣ ከየት መጣ፣ ማን አስገባው እንላለን፤ ለማን ደረሰ፣ ለማን ሳይደርስ ቀረ የሚለውን ግን ሠርታ ያቀረበችው ብቻ ታውቀዋለች።

ይሁን እንጂ አክስቴ አሥራ ሁለቱን ብልት የጣሉ እንዳይመስላችሁ። ልወጣ ስነሳ ከጓሮ የቁሌት ሽታ ጠራኝ። ለካስ ልጃቸው የገዛው ደረት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሙሉ ዶሮ ነው። ከሁለቱ አራት ደረት ወጣ፤ ቅልጥሙ፣ ታፋው፣ ክንፉ፣ ጀርባው ሁሉ በእሳቸው እጅ ተበልቶ ድስት ውስጥ ገብቷል። "ለጎረቤት ነው" አሉኝ። "እስላሞቹ ጎረቤቶቼስ ቅር አይላቸውም? ለነሱ የራሳቸው ልጅ ሌላ ዶሮ አርዶልኛል፤ በሌላ ድስት ነው።"

ስሸኝ በሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን አየሁት። ልስኑ በተላጠበት በኩል ጭዱ ወርቅማ ሆኖ ብቅ ብሏል። አክስቴ ከኋላዬ "የመጪው እንቁጣጣሽ ና" አሉኝ። "ዶሮ ወጥ ነው። ፈረሰኛውን ግን ዕጣ እንጣጣልበታለን።"