ወንድምና እኅት በዓመት አንድ ቀን



ጎጆ የወጡ ወንድማማችና እኅትማማቾች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው መዋላቸው ዛሬ የመጣ ልማድ አይደለም። በአገራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጉራጌ መስቀል ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ብዙ የጉራጌ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ እየመጡ ቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ኋላም ባለሱቅ ሆኑ። ታዲያ ዓመቱን የትም ይዋሉ የት፣ ለመስቀል አገር ቤት መግባት እንደ ግዴታ ነበር።

ነገሩ ለክትፎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሴቶቹ ቅቤውን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። ልጆች ደንጌሳትን ያነዳሉ፤ የጎመን ክትፎ ይበላል፤ ሰንጋውም ይታረዳል። ከዚያም ያገቡ ሴቶች ልጆች ስጦታ ይዘው ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። ቂም ይዞ እማዕዱ መቅረብ ነውር ስለሆነ፣ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል። ሙስሊሙ ጉራጌና ስልጤም በአረፋ እንዲሁ አገሩ ይገባል።

ይኸው የአገር ቤት ናፍቆት መንገድ እስከ ማሠራት ደርሷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተማ ያሉት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰውም መንገድ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ዓለም ገና ደግሞ እዚሁ ሰበታ ደጃፍ ናት።

ዛሬ ግን የብዙዎቻችን ጉዞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ አብረው ያደጉ ልጆች ኪራይ ሲከብድባቸው አንዱ ሰበታ፣ አንዷ ቡራዩ፣ ሌላው ሱሉልታ ገቡ። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ መንገዳቸው ግን ለየብቻ ነው። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ለመገናኘት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባን ማቋረጥ ሊኖር ነው። ሁለት ሦስት ታክሲ ነው፤ ትራፊኩንም ታውቁታላችሁ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል ዓመት ይሞላል።

እንግዲህ ወንድማማቾች የሚተያዩት የት ሆነ? ድንኳን ውስጥ! ወላጅ ሲሞት ደግሞ የውርስ ቤት ጉዳይ ይነሣል። ለዓመታት አብረው ቁጭ ብለው ያልተጫወቱ ሰዎች ስለ ውርስ በሰላም መነጋገር ይከብዳቸዋል። ያኔ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ከአባቶቻችን የምንማረው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ቀኑ የታወቀና የማይለወጥ ይሁን፤ መስቀል፣ ኢሬቻ፣ አረፋ ወይም ገና፣ እንደየቤታችን። ሁለተኛ፣ ቤቱ በየተራ ይሁን፤ ዘንድሮ ሰበታ፣ ለከርሞ ሱሉልታ። ሦስተኛ፣ እንደ ዕድራችን በየወሩ ጥቂት ይዋጣ፤ ወጪው አንዱ ላይ አይውደቅ። አራተኛውና ዋናው፣ ከማዕዱ በፊት ያኮረፈ ካለ ይጠየቅ።

ኮሚቴውም ለዚህ ቀን ብረት ድስቱንና ወንበሩን ለአባላት ቢያውስ መልካም ነው። ዕቃው ለሐዘን ብቻ መውጣት የለበትም። ዕድር የሞተውን በክብር ይቀብራል፤ በሕይወት ያሉትን ማቀራረብ ግን የእኛው የወንድምና የእኅቶች ፈንታ ነው።