ያልተመዘገበው ሠራተኛ፤ ሕግ፣ አሠሪና በጎ አድራጊ ድርጅት በመተማ ቆላ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ጨርሶ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጋላባት የሱዳን ምድር ነው። ቦታው በታሪክ ይልቁንም የሚታወሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸውን ቁስል የተቀበሉበት በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ መተማ ከጦር ሜዳነቷ አስቀድሞ የታወቀች ገበያ ነበረች። ከደጋ የወረደው ቡናና ሰም፣ ከቆላ የተለቀመው ጥጥ በሚሸጥበት በዚያው አደባባይ የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። ባርነትን በአገሪቱ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአካባቢው የሥራ ታሪክ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም የሰው ጉልበት ከገበያ ዕቃነት ወጥቶ ሕግ ወደሚጠብቀው ውል እስከ ምን ድረስ ተሻግሯል የሚለው ነው።

በወረቀት በኩል ከታየ ጉዞው ትንሽ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ደነገገ፤ በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለው። ከአብዮቱ በኋላ አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ቁጥር 42/1985 እና ቁጥር 377/1996 እየተተካኩ ወጡ፤ ዛሬ የሚሠራበት ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅም ሆነ ከእርሱ በፊት የነበረው፣ በየዓመቱ ወቅት ጠብቆ የሚመላለስን ሥራ በስሙ ጠርተው ለተወሰነ ጊዜ ውል ሊደረግበት እንደሚችል አመልክተዋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህን ባያደርግም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አሠሪው የሠራተኞች መዝገብ ይይዛል፤ ለጤንነትና ለደኅንነት ተገቢውን ጥንቃቄ ያደርጋል። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ዝቅተኛው የመቀጠሪያ ዕድሜም በ2011 ዓ.ም. ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ ብሏል።

እርሻው ግን የራሱ ሕግ አለው። ሰሊጥ ደርቆ ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ሳይረግፍ የሚታጨድበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ ሥራ ፈላጊው ከደጋው ወረዳዎች በጭነት መኪና ይወርዳል፤ ደላላው ያገናኛል፤ ዋጋው በቃል ይቆረጣል። ሳሉግ የሚባሉት፣ ቆላውን ለምደው የሚቆዩት ሠራተኞች፣ ካንዱ እርሻ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ባለእርሻውም የራሱ ስጋት አለው፤ የቀጠረው ሰው አጨዳው ሳያልቅ የተሻለ ዋጋ ወደሚከፍል ጎረቤት ሊሄድበት ይችላል። ጽሑፍ በሌለበት ውል ሠራተኛው ለደመወዙ፣ አሠሪው ለሥራው ማስረጃ ያጣሉ። መብቱ በሕግ አልጠፋም፤ የሚያስረዳለት ግን የለም።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይቆምም። በመረሬ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የሚራባው የአሸዋ ዝንብ ካላአዛርን ያስተላልፋል፤ ሕክምና ካልተገኘለት ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በሜዳ የሚያድረው የወቅት ሠራተኛ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደጋማው ሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኙ ሲነሣ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በኋላ በተደረገው ጥናት በሽታው ወደዚያ የገባው ከቆላ በተመለሱ የወቅት ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል። በመዝገብ ያልሰፈረ ሠራተኛ የት እንደሠራ፣ የት እንዳደረ፣ ታሞም ወደ የት እንደሄደ ተከታትሎ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ይህን በሽታና የእባብ ንክሻን በምዕራብ አርማጭሆ፣ በአብደራፊ ሲያክሙ ከቆዩት መካከል ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ይገኛል። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይተዳደራሉ። ቀጣሪ እንደመሆናቸውም የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይመለከታቸዋል፤ የውጭ አገር ዜጋ ለመቅጠርም የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኤጀንሲ የድርጅቱን የሆላንድ ክፍል ለሦስት ወር አገደ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የውጭ አገር ሠራተኞችን ያለ ሥራ ፈቃድ አሠርቷል የሚል ነበር፤ የሳተላይት መገናኛ መሣሪያና የተሳሳተ መረጃ ማሰራጨትም ተጠቅሰዋል። ክፍሉ እግዱን አክብሮ በአማራ ክልል ያለውን ሥራ ጭምር አቋረጠ። እግዱ የጸናባቸው ወራት በቆላው የአረምና የአጨዳ ወራት ነበሩ። በክሱ ተገቢነት ላይ አስተያየት ሊለያይ ይችላል፤ የአብደራፊ በሽተኛ ግን በክርክሩ ወገን ሳይሆን ሐኪሙ ተነሣበት።

ባለእርሻውና በጎ አድራጊው ድርጅት በዓላማ የተራራቁ ቢሆኑም በዚህ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ወረቀቱ ሲጓደል ዕዳው የሚያርፈው ምንም ባልፈረመ ሦስተኛ ሰው ላይ ነው። ሥራ ፈቃድ፣ መዝገብና የተፈረመ ጽሑፍ ለተቆጣጣሪ መልስ መስጫ ብቻ ተደርገው ሲታዩ የሚዘጋጁት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ነው። በሕግ፣ በሒሳብና በሠራተኛ አስተዳደር ሙያ የተሰማሩ ባልደረቦች የመተማ አሠሪዎችን ሲያማክሩ ምክሩ ከአጨዳው በፊት ሊደርስ፣ የውሉም ቅጽ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሠራተኛው ከመኪና በሚወርድበት ስፍራ ሊገኝ ይገባል። ያን ጊዜ ሰው ይሸጥባት የነበረችው ገበያ ሰው በስሙ የሚቀጠርባት ትሆናለች።