ዳኛው ከየት መጣ?

ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል። የጨዋታው መሪ እኔ ነኝ፤ ተጫዋቾቹ "ጌም ማስተር" የሚሉት። አንዱ ጓደኛዬ "ድልድዩን ከምሻገር ገመዱን ብቆርጠውስ?" አለኝ። እኔ ደግሞ የሕጉን መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። አስር ደቂቃ ፈለግኩ። ቀና ስል ሁለቱ ስልካቸው ላይ ናቸው፣ አንዷ ቡና ልታፈላ ተነስታለች። ጠያቂው "ተወው በቃ፣ እሻገራለሁ" አለኝ። ያቺ "ተወው በቃ" እስካሁን ታሳፍረኛለች።

ለማታውቁት፦ እዚህ ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዝና "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላል። መሪው የሆነውን ይናገራል። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በቃ ይኸው ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ ታሪኩን ሳነብ፣ "መጽሐፉ ይፍረድ ወይስ ሰውየው?" የሚለው ጥያቄ ከእኔ በፊት ብዙዎችን ያስቸገረ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1824 የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ፎን ራይስቪትስ፣ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ሕጉን አሳተመ። ሁለት ወገኖች ካርታ ላይ ይዋጋሉ፤ ግን እንደፈለጉ አይንቀሳቀሱም። ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛ ይሰጣሉ። ዳኛው ጦሩን ያንቀሳቅሳል፣ ጉዳቱን በዳይስና በሠንጠረዥ ያሰላል፣ ለእያንዳንዱ ወገን ማየት የሚገባውን ብቻ ያሳያል። እውነተኛ ጦርነት ላይስ ጠላት ከኮረብታው ጀርባ ምን እንደደበቀ ማን ያያል? የጦሩ አዛዦች ጨዋታውን ወደዱት። እሱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1827 ራሱን አጠፋ።

ችግሩ፣ ስሌቱ አሰልቺ ነበር። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ሌላ የፕሩሲያ መኮንን መጣና፣ ጦርነት የሚያውቅ ሰው ዳኛ ከሆነ ሠንጠረዡ ለምን ያስፈልጋል፣ በራሱ ዕውቀት ይፍረድ አለ። የእኔን አስር ደቂቃ ያየ ይመስል!

አሁን ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ እንሻገር። በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት ጓደኞቹን ብራውንስታይን በምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ላይ ሊያጫውት ጠራ። የመጣው ሰው ከጠበቀው በላይ ሆነበት። ስለዚህ ለተረፉት ከንቲባ፣ የባንክ ባለቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ እያለ ሚና አደላቸው። እነሱም እየተነሱ በየጥጉ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሁለቱ ደግሞ አንድ ለአንድ ልንጋጠም ነው አሉት። ለዚህ ሕግ አላዘጋጀም፤ እዚያው ፈጥሮ ፈረደ። ዌስሊ ማታውን ሙሉ የከሸፈ መስሎት ነበር። ተጫዋቾቹ ግን "መቼ ነው የምንደግመው?" አሉ።

ከዚያ ቡድን የወጣው ዴቭ አርነሰን በ1971 ብላክሙር የተባለ የራሱን ዓለም ፈጠረ። ገጸ ባሕርያቱ ከሳምንት ሳምንት ይቀጥላሉ፣ ልምድ ያካብታሉ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ያለውን ዋሻ ያስሳሉ። የዊስኮንሲኑ ጌሪ ጋይጋክስ ይህን ተጫውቶ ተደነቀ። አርነሰን አብዛኛውን ነገር በጭንቅላቱና በብጥስጣሽ ማስታወሻ ነበር የያዘው፤ ጋይጋክስ ቁጭ ብሎ ጻፈው። በ1974 "ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ" በሁለቱም ስም በ1,000 ቅጂ ታተመ።

ከዚያማ የታወቀው ነገር መጣ። አዲሱ እትም ሲወጣ የአርነሰን ድርሻ ተነፈገ፤ በ1979 ከሰሰ፤ በ1981 ታረቁ። ያሰበው ይበልጣል ወይስ የጻፈው? ሰው ዛሬም በዚህ ይከራከራል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጋይጋክስ ባይጽፈው እኔ ጋ አይደርስም ነበር። አርነሰን ባይኖር ደግሞ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።

የኔ ጥያቄስ? መጀመሪያ ለቬርዲ ፈርጄለት መጽሐፉን ዘጋሁ። ሁለት ሳምንት ደስ አለን። በሦስተኛው አንዷ "ለእሱ ሁሌ ይሳካለታል፣ ለእኔ ግን አይሆንም ትላለህ" አለችኝ። ሳስበው እውነቷን ነው፤ ሳላውቀው ለቅርብ ጓደኛዬ አዳላ ነበር። ለካ ያ አሰልቺ ሠንጠረዥ ተጫዋቹን ከዳኛው ስሜት የሚጠብቅ አጥር ነበር።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ወዲያው እፈርዳለሁ፣ ምክንያቱን እናገራለሁ፣ ዳይሱን ሁሉም እያየ እጥላለሁ። መጽሐፉን የማየው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምናለሁ።

ባለፈው ሌላ ድልድይ ጋ ደረስን። ጓደኛዬ አየኝና "ገመዱን ብቆርጠውስ?" አለ። "ቁረጠው" አልኩት። አሁን ሦስቱ ማዶ ናቸው፣ ሁለቱ ወንዝ ውስጥ።

እናንተስ፣ በምትመሩት ነገር ሁሉ፣ መጽሐፉን መቼ ነው የምትዘጉት?